ስለ መስኖ ውኃ ማኅበር አመሠራረት፤ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ላሉ አስተዳዳሪዎችና ባለ እርሻዎች የተዘጋጀ ትምህርት

አንድ ገበሬ ማሳውን ብቻውን ሊያርስ፥ ብቻውንም ሊዘራ ይችል ይሆናል። ወንዝ ጠልፎ ውኃ ማምጣት፥ ጎርፍ የወሰደውን ቦይ ማደስ፥ የጋራውን ሣርና ዛፍ መጠበቅ ግን ከአንድ ሰው ጕልበት በላይ የሆነ፥ የብዙ ሰው አንድነት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱን በራሱ አደራጅቶ ኑሮውን እንዲያሻሽል መርዳት ከአስተዳዳሪ ዋና ዋና ተግባሮች አንዱ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቀወት ምድር የምትገኝ ቆላ ከተማ ናት። ከመንዝና ከጣርማ በር ደጋ የሚወርዱት ወንዞች የይፋትን ሜዳ እያጠጡ ወደ አዋሽ በኩል ይፈስሳሉ። አገሩ በበልግና በክረምት ዝናብ ቢያገኝም ዝናቡ ብዙ ጊዜ ስለሚያጥር፥ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ፥ ፓፓያውና ማንጎው የሚለማው በመስኖ ነው። በዚህ ሜዳ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በሰንበቴ የእሑድ ገበያም አብረው ይገበያያሉ።

በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ግን ችግር ይነሣል። በቦዩ ራስ ላይ ያለው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ያጠጣል፤ በቦዩ ጅራት ያለው ሰው ደግሞ ብድር ወስዶ የተከለው ሽንኩርት በዐይኑ ፊት ይደርቅበታል። ያን ጊዜ በሌሊት ተነሥቶ የሌላውን ቦይ ይሰብራል። በማግሥቱ ነገሩ በዱላ ይጀመራል፤ ደም ከፈሰሰም በኋላ ወደ ዳኛ ይደርሳል። ከሁሉ የሚከፋውም የሁለት ሰዎች የውኃ ጠብ የሁለት ሕዝቦች ጠብ ተብሎ ሊወራ መቻሉ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው እንደ ሞተ፥ ብዙ ቤትም እንደ ተቃጠለ የአገሩ ሰው አይዘነጋውም። የዚያ ግጭት ምክንያት ውኃ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ አገር ትንሹን ጠብ በትንሽነቱ ሳለ የሚያስቀር ማኅበር ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልግም።

አስተዳዳሪው ሥራውን ከባዶ አይጀምርም። ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ለእርሻው ደቦና ወንፈል፥ ለሐዘኑ ዕድር፥ ለገንዘቡ ዕቁብ፥ ለጸበሉ ማኅበር አለው። በአማራ ምድር በብዙ ስፍራም ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል፥ በሕዝቡ የተመረጠ «የውኃ አባት» የሚባል ሰው ይሾማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ተረት ከዚሁ ልማድ የወጣ ነው። አዲስ ማኅበር የሚጸናው በእነዚህ መሠረት ላይ ሲቆም ነው።

ለዚህም ከይፋት በላይ ባለው በመንዝ ደጋ የሚገኘው የጓሳ ምድር ምስክር ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ይህን ስፍራ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዐት ሲጠብቁት ኖረዋል። ራሳቸው በመረጡት አለቃ እየተመሩ ምድሩን ለጥቂት ዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስም በተወሰነ ጊዜ ለማጨድና ለግጦሽ ይከፍቱታል። ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ በርስት መብት ላይ የቆመ ስለ ነበር ፈረሰ፤ ምድሩም ለጊዜው ጠባቂ አጣ። በኋላ ግን ገበሬዎቹ ከየቀበሌው ተወካይ መርጠው፥ ደንብም አውጥተው ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋሙት። ጓሳም እነሆ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት በሕዝብ የሚጠበቅ ምድር ሆኖ ይታወቃል። ልብ በሉ፤ አሮጌው ሥርዐት የረዳው የርስት ባለ መብቶችን ብቻ ሲሆን፥ አዲሱ ግን ሌላውንም ነዋሪ ስለ ጨመረ መሠረቱ ሰፋ።

ያው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። አዋጁ የባለ መሬትንና የጭሰኛን ሥርዐት ሽሮ፥ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ማኅበሮቹ በመጀመሪያ መሬት አከፋፈሉ፥ በጠቡም ዳኙ፤ ገበሬውም የራሱ አድርጎ ተቀበላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የእህል ኮታ ሰብሳቢና ለጦር ሠራዊት ምልምል አቅራቢ ሆኑ። ያን ጊዜ ገበሬው ማኅበሩን እንደ መንግሥት እጅ እንጂ እንደ ራሱ እጅ አላየውም። ስለዚህ ለአንድ ጕዳይ የተቋቋመውን ማኅበር ለሌላ ጕዳይ ማዘዝ ማኅበሩን መግደል መሆኑን እናንተ አስተዳዳሪዎች ከዚህ ልትረዱ ይገባል።

ማኅበሩ የሚቋቋምበት አካሄድ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ አስቀድሞ መስማት። ስብሰባ ከመጥራት በፊት ቦዩን ከራሱ እስከ ጅራቱ በእግር ሄዶ ማየት፥ ባለ ማሳውንም በየማሳው ማነጋገር ያስፈልጋል። በተለይ በጅራት ያሉት፥ ሴቶች፥ መሬት ተከራይተው የሚያርሱና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች በትልቅ ጉባኤ ብዙ አይናገሩምና ለብቻቸው ይጠየቁ።

2ኛ፤ ከአንድ ትንሽ ሥራ መጀመር። ሁሉም የሚስማማበትን፥ በአንድ ሳምንት የሚያልቀውንና ፍሬው የሚታየውን፥ ለምሳሌ ደለል የሞላውን ቦይ መጥረግን መምረጥ ነው። ሰው አብሮ መሥራትን የሚያምነው በንግግር ሳይሆን አንድ ጊዜ ሠርቶ ሲያየው ነው።

3ኛ፤ መሪዎችን ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ። አንዱ የውኃ አባት ከራስ፥ አንዱ ከመካከል፥ አንዱም ከጅራት ይመረጥ። ሹሙ በምርጫው ቀን ዕጩ አያቅርብ። የሹመቱ ዘመን አጭር ይሁን፤ ያጠፋም ሰው ከዘመኑ በፊት የሚወርድበት መንገድ በደንቡ ይጻፍ።

4ኛ፤ ተራው በሒሳብ ይደልደል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቦይ 48 እኩል ማሳዎች አሉ እንበል። ለእያንዳንዱ 4 ሰዓት ቢሰጥ በቀንና በሌሊት 6 ሰዎች ያጠጣሉ፤ ዙሩም በ8 ቀን ያልቃል። ነገር ግን 8 ቀን ሙሉ ቁጥር ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያ ሌሊት የደረሰው ሰው ዘወትር ሌሊት ሲያጠጣ ሊኖር ነው። ይህን ለማስተካከል 49ኛ ተራ ጨምሮ ለከብቶች መጠጫና ከታች ላሉ ጎረቤቶች መስጠት ይቻላል። ያን ጊዜ ዙሩ 8 ቀን ከ4 ሰዓት ይሆናል፤ የየሰውም ሰዓት በየዙሩ አንድ እርምጃ ይሸጋገራል፤ በ6 ዙርም ቀኑና ሌሊቱ ለሁሉ እኩል ይደርሳል። ደግሞም ውኃው በረጅም ቦይ ሲሄድ ጊዜ ስለሚፈጅ፥ በጅራት ያለው ሰው ሰዓቱ የሚቈጠርለት ውኃው ማሳው ከደረሰ በኋላ ይሁን። ወንዙ በግማሽ ሲቀንስም ሁሉም የሚያጠጣውን መሬት በግማሽ ይቀንስ እንጂ የጅራቱ ሰው ብቻ አይጐዳ።

5ኛ፤ ግዴታና ጥቅም ይመጣጠኑ። በየዓመቱ የክረምት ጎርፍ ከድንጋይ፥ ከቅርንጫፍና ከአፈር የተሠራውን ጠለፋ ስለሚወስደው፥ ሰፊ ማሳ የሚያጠጣ ሰው ለእድሳቱ ብዙ ቀን ይሥራ፤ ጠባብ ማሳ ያለውም ጥቂት ቀን ይሥራ። ጕልበት የሌላት አሮጊት ወይም ሕመምተኛ በደቦ ይረዳ። ስንት ቀን እንደ ተሠራና ስንት ብር እንደ ተሰበሰበ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ይጻፍ፤ በወር አንድ ጊዜም በጉባኤ ፊት ይነበብ።

6ኛ፤ ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምር። ቦይ የሰበረ ሰው በመጀመሪያ ይገሠጽ፤ ሁለተኛ ጥቂት ገንዘብ ይክፈል፤ ሦስተኛ አንድ ተራ ይለፈው። የውኃ አባቱ ራሱ ቢያጠፋ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን። ወረዳው ነገሩን የሚያየው ሽማግሌዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ፥ ወይም የአካል ጕዳት ሲደርስ ብቻ ይሁን።

እንዲህ ያለው ሥርዐት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በእስፓንያ አገር በቫሌንሲያ ከተማ ገበሬዎች የመረጧቸው የውኃ ዳኞች በየሐሙሱ በእኩለ ቀን በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው፥ ያለ ጠበቃ፥ በቃል ብቻ ነገር ሰምተው ይፈርዳሉ። ይህ ሸንጎ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቈጠረ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም፥ ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ደንብ አውጥቶ ራሱ ሊጠብቀው እንደሚችል ከብዙ አገር በተሰበሰበ ማስረጃ አስረድተዋል። ሥርዐቱ የሚጸናውም ተጠቃሚዎቹ ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡ፥ ጠባቂውን ሲቈጣጠሩ፥ ቅጣቱም ደረጃ በደረጃ ሲሆንና መንግሥት ይህን መብታቸውን ሲያውቅላቸው እንደ ሆነ ጽፈዋል።

የአገራችንም ሕግ ለዚህ በር ከፍቷል። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 841 በ2006 ዓ.ም. የወጣው እንዲህ ያሉ ማኅበሮች ተቋቁመው በሕግ እንዲታወቁ ነው። አስተዳዳሪው የማኅበሩን ምዝገባ ቢያፋጥን፥ የቦይ ባለሙያ ቢልክ፥ ሰፊ መሬት የያዘውንና ዘመድ ያለውን ሰው ከሌላው እኩል ለደንቡ እንዲገዛ ቢያደርግ ድርሻውን ፈጽሟል።

ባለ ሰፊ እርሻዎችም ይህን ልብ በሉ፤ በቦዩ ራስ ላይ ያለ ሰው ከጅራቱ ሰው ጋራ ውኃ ቢካፈል ጥቂት ተራ ይጐድልበት ይሆናል፤ ነገር ግን የክረምቱ ጎርፍ ጠለፋውን በወሰደ ጊዜ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣለት ያው የጅራቱ ሰው ነው።

በመጨረሻም አስተዳዳሪ ሆይ፤ ማኅበሩ የጸና መሆኑን ማወቅ የፈለግህ እንደ ሆነ በመጋቢት ሌሊት ወደ ቦዩ ውረድ። በጅራቱ ያለችው መበለት ፋኖሷን አብርታ፥ ማንም ሳይነካባት ተራዋን ስታጠጣ ካገኘሃት ማኅበሩ ቆሟል። ካላገኘሃት ግን መዝገቡ ምንም ያህል ቢያምር ገና ሥራ ቀርቶሃል።