ክራንች በሰው ልክ ይሠራል

አንድ ሰው እግሩን ሲጎዳ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። አንዱ ከጎረቤት የተረፈ አሮጌ ክራንች ያመጣል። ሰውየውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ግን እጁ ይደነዝዛል። ጣቶቹ ማጭድ መጨበጥ ያቅታቸዋል። «በሽታው ደግሞ ወደ እጄ ወጣ» እያለ ያዝናል። በሽታው ግን ክራንቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብብት ሥር አልፈው ወደ እጅ የሚወርዱ ነርቮች አሉ። ነርቭ ማለት ስሜትንና ትእዛዝን የሚያመላልስ፣ ክር የመሰለ የአካል ክፍል ነው። ክራንቹ ሲረዝም ሰውየው በብብቱ ይንጠለጠላል። የሰውነቱ ክብደት ነርቮቹን ይጫናቸዋል። ክብደት መሸከም ያለበት መዳፍ ነው እንጂ ብብት አይደለም። ያጠረ ክራንችም ያጎብጣል፤ ወገብ ያሳምማል።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ሰውየው የሚሄድበትን ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁም። ብቻውን ካልቻለ ሰው ይደግፈው። ትከሻውን ወደ ላይ አይስቀል። የክራንቹ እግር ከጫማው ጫፍ ወደ ጎንና ወደ ፊት፣ ከስንዝር ትንሽ ባነሰ ርቀት መሬት ይንካ። የክራንቹ ራስ ከብብቱ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። እጀታው ደግሞ፣ ክንዱን ዘና አድርጎ ሲለቀው የእጁ አንጓ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። እንዲህ ከሆነ እጀታውን ሲይዝ ክርኑ ትንሽ እጥፍ ይላል። ገፍቶ ለመነሣት ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ልኩ ከታወቀ አናጢም ይሠራዋል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ እንጨቱ አስቀድሞ ይድረቅ። ክራንቹ እንዳያንሸራትት ከእግሩ ሥር በረባሶ ከሚሠራበት የመኪና ጎማ ቆርጦ መምታት ነው። የምስማሩ ራስ ግን ጎማው ውስጥ ይስመጥ። ብቅ ካለ ድንጋይ ላይ ይጥላል።

አንድ እግሩ ደህና የሆነ ሰው ዳገት ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፤ ክራንቹ ይከተል። ቁልቁለት ሲወርድ ክራንቹ ይቅደም።

«ከክራንች ዊልቸር ይሻላል» የሚልም አለ። መራመድ ጨርሶ ለማይችል ሰው እውነት ነው። ነገር ግን መንገዱን ማየት ያስፈልጋል። ከፊት ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ያሉት ዊልቸር ለሆስፒታል ወለል ይመቻል። በእኛ ጭቃና ኮረት ላይ ግን ጎማዎቹ ይሰምጣሉ፤ ይደነቀራሉ። ያን ጊዜ ጓዳ ገብቶ የእህል ጆንያ ማስቀመጫ ይሆናል። ከፊት አንድ ትልቅ ጎማ ያለው፣ ባለ ሦስት እግሩ ይሻላል። የቤቱም በር ያስገባው እንደሆነ አስቀድሞ ይለካ።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ አካል ጉዳተኛው ራሱ በመረጠው መንገድና ጊዜ፣ በሚቻለው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ ይደነግጋል። ወዴት መሄድ ትፈልጋለህ? ምን ትሠራለህ? ውሃ ልትቀዳ የምትሄድ ሴትና ደጃፍ ተቀምጦ የሚሸምን ሰው የሚያስፈልጋቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

የልጅ ክራንች ሲሆን ደግሞ እጀታው ከፍ ዝቅ እንዲል ብዙ ቀዳዳ ይበጅለት። ልጅ ያድጋል፤ በየጥቂት ወሩ እንደገና ይለካ።