በክሪክ ላይ የቆመ መኪናና የባለንብረቱ ሒሳብ

በዚህ ገጽ አዘውትረን የምናነሳው የኩንታልና የጭነት ዋጋ ነው። ጭነት ገቢ የሚያስገኘው ግን መኪናው ሲሄድ ብቻ በመሆኑ፣ ቆሞ በሚጠገንበት ሰዓት የሚሆነውን ማጥናትም የገበያ ጉዳይ ነው። የጭነት መኪና ያላችሁ፣ ለመግዛት የምታስቡ፣ ጭነትና መኪና የምታገናኙ ደላሎችም ጭምር ዛሬ ከመኪናው ስር ጎንበስ ብላችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን።

ባለፈው ሰሞን አንድ የእህል ነጋዴ ወዳጄን ተከትዬ ኤንፒአር ኢሱዙው ወደሚጠገንበት ጋራዥ ሄጄ ነበር። የኋላ ባሌስትራው ተሰብሯል። መካኒኩ የቀኙን የኋላ ጎማ በክሪክ አንስቶ ፈቶታል፤ ሻንሲው ስር የተደገፈው በሁለት ብሎኬት ነው። ወዳጄ ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በል እንጂ አንተ ልጅ፣ ማታ ሞጆ መድረስ አለበት» አለው። ልጁም «እሺ ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ» ብሎ ካርቶን አነጠፈና በጀርባው ገባ።

ያን ቀን ምንም አልሆነም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከመቶ ቀን ዘጠና ዘጠኙን ያልወደቀ መኪና ለመካኒኩም ለባለንብረቱም የማይወድቅ መስሎ ይታያቸዋል። ከዚያም በላይ፣ የአሥሩ ደቂቃ ትርፍ ለባለንብረቱ ሲሆን አደጋው የተሸከመው ከስር ያለው ልጅ ነው። ትርፍና ኪሳራ በሁለት ሰዎች ኪስ በተከፋፈለ ቁጥር ደግሞ ጥንቃቄ ይቀንሳል። መካኒኩ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ከሆነ እሱም ራሱ ይቸኩላል።

ለመሆኑ ክሪክ ምንድን ነው? በዘይት የሚሠራው ክሪክ ማንሻ መሣሪያ እንጂ መሸከሚያ አይደለም። ውስጡ ያለው ዘይት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግፊት ይሸከማል። ይህን ግፊት አፍኖ የሚይዘው ጥቂት ጎሚኒና አንዲት ትንሽ የመልቀቂያ ቫልቭ ነው። ጎሚኒው ካረጀ ወይም ቫልቩ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ካረፈ ዘይቱ ያፈተልካል፤ አንዳንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ። ክሪኩ ላይ «20 ቶን» ተብሎ መጻፉም ያን ያህል ማንሳት ይችላል ማለት እንጂ፣ ጎኑን ሲገፉት አይንሸራተትም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚመጣውም ከክብደት ሳይሆን ከመንሸራተት ነው። ከስር ያለው ሰው ጠንካራ ቡሎን ለመፍታት መፍቻውን በኃይል ሲጎትት መኪናው ይወዛወዛል፤ በቀጭን የክሪክ ራስ ላይ የተቀመጠው ሻንሲም ቦታውን ይለቃል።

ብሎኬቱስ? ብሎኬት የተሠራው ግድግዳ ውስጥ ተደርድሮ ክብደትን በሙሉ ገጹ እኩል እንዲሸከም ነው። የሻንሲ ጠርዝ በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ግን፣ በተለይ በጎኑ ከተጋደመ፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። እንጨት ሲጨነቅ ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል፤ ብሎኬት ይህን ዕድል አይሰጥም። ባዶው እንኳ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሊደገፍ የሚገባው ጋራዦች ካቫሌቶ በሚሉት ሰፊ እግር ያለው የብረት ድጋፍ ነው፤ እሱም በግራና በቀኝ፣ በጥንድ። እሱ ከሌለ ወፍራም ጠንካራ የእንጨት ጉማጆችን በመስቀለኛ ደርድሮ መደገፍ ይሻላል።

አሁን ብዙ ባለመኪና ወደማያውቀው ነገር እንምጣ። ወዳጄ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ምን እንደተደረገ ስጠይቀው «የእጅ ፍሬን ተይዟል፣ ማርሽም ገብቷል» አለኝ። በኤንፒአርና በመሳሰሉት ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ የእጅ ፍሬኑ በተለምዶ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። ከዘንጉ በኋላ ደግሞ ዲፈረንሻል አለ። የዲፈረንሻል ሥራ በመታጠፊያ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። ዘንጉ ተቆልፎም ቢሆን አንዱ ጎማ ወደፊት ሲዞር ሌላው ወደኋላ መዞር ይችላል። ሁለቱም መሬት ሲረግጡ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ መኪናው ይቆማል። አንዱን ሲያነሱት ግን የተነሳው በአየር ላይ ወደኋላ እየዞረ፣ መሬት ያለው ወደፊት ይንከባለላል። ማርሹም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ በመሆኑ ምንም አይጠቅምም። በአጭሩ፣ አንድ የኋላ ጎማ በተነሳበት ሰዓት የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው። ወዳጄ ይህን በሰማ ጊዜ መካኒኩን ራሱ ጠርቶ ከስር አስወጣው፤ ለአሥር ደቂቃ ሲጣደፍ የነበረው ሰውዬ ማለቴ ነው።

የንፋስ ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪናዎች በዚህ ይለያሉ፤ ሲቆሙ ፍሬኑን የሚይዘው በጎማዎቹ አጠገብ ባሉት ክብ ጣሳዎች ውስጥ የታመቀ ብርቱ ስፕሪንግ ነው። ነገር ግን ፍሬን የያዘው አክስል በሙሉ ከመሬት ከተነሳ እሱም መኪናውን አያቆምም። (ጣሳውን ያለ ልዩ ማሰሪያ የሚፈታ ሰው ካለ ያስቁሙት፤ ስፕሪንጉ ሲፈናጠር ይገድላል።)

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይነሳል። መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ ጭነት ካለ ይራገፋል። እዚህ ላይ ነጋዴው የወዛደር ሒሳብ አስቦ ሲያንገራግር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀጥሎ መሬት በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይገባል፤ ድቡልቡል ድንጋይ ሳይሆን ጎማው ስር በደንብ የሚሰካ ሽብልቅ። የጎማ ቡሎን መኪናው ሳይነሳ ይላላል፣ ከዚያ ይነሳል፣ ካቫሌቶው ይገባል፣ ክሪኩ ዝቅ ይልና ክብደቱ ካቫሌቶው ላይ ያርፋል። ሰው ከመግባቱ በፊት መኪናውን በጎን ገፋ ገፋ አድርጎ መፈተን ያስፈልጋል፤ የሚወድቅ ከሆነ ያኔ ይውደቅ። የተፈታው ጎማም ሻንሲው ስር ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ ለአንድ ሰው ደረት የሚበቃ ክፍተት ሊያተርፍ ይችላል። የሞተሩ ቁልፍ ደግሞ ከስር በሚገባው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን።

በመንገድ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከአዋሽ ወደ ሚሌና ገላፊ በሚወስደው መንገድ ዳሩ አሸዋማ ነው፤ በቀትር ሙቀት አስፋልቱ ራሱ ይለሰልሳል። ክሪክ በቀጥታ ከተቀመጠበት ይሰምጣል፣ ያዘነብላል። መኪናው ውስጥ አንድ ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሳህን መኖር አለበት። እንደ ጣርማ በር ባለ ዳገት ላይ ግን ጣውላም አያድንም። ጎማው ቢቆራረጥም ቀስ ብሎ ወደ ደልዳላ ቦታ መድረስ ነው የሚሻለው። ታዲያ ሾፌሩ ይህን የሚያደርገው ለተበላሸው ጎማ ከደመወዙ እንደማይቆረጥበት ካወቀ ብቻ ነው። የሚቆረጥበት ከሆነ ዳገቱ ላይ ያነሳዋል፤ ረዳቱንም ከስር ያስገባዋል። ይህንን ደንብ የሚያወጣው ቢሮው የተቀመጠው ባለንብረት ነው።

ገልባጭ መኪና ያላችሁም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ወደ ላይ የተነሳው ካሶኒ የቆመው በዚያው ዓይነት ዘይት ነው፤ ቧንቧው ቢፈነዳ ይወርዳል። ካሶኒውን ባዶ አድርጎ፣ መደገፊያ ብረቱን አቁሞ ብቻ ነው ከስሩ መሥራት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላደረሰው በስተቀር። ሰክሮ መገኘትና በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስ ከዚሁ ይቆጠራሉ። መመሪያ ሰጥቶ የማያውቅ አሠሪ በዚህ መከራከር አይችልም። ከረዳቱ ጋር የጽሑፍ ውል አለመፈረምም አያድንም፤ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

ለምሳሌ ያህል የረዳቱ ደመወዝ በወር 8,000 ብር ነው እንበል። ተጎድቶ አንድ ዓመት ከሥራ ቢቀር የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ፣ የቀረውን ስድስት ወር ከ50 በመቶ ባላነሰ ሒሳብ ይከፈለዋል። ይህ ቢያንስ 66,000 ብር ሲሆን ሕክምናው ለብቻው ነው። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነና በጡረታ ወይም በመድን ካልተሸፈነ፣ ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ማለትም 480,000 ብር ነው። የመድን ኩባንያዎች ለሠራተኞች ጉዳት የተለየ ዋስትና ይሸጣሉ፤ የመኪናው መድን ይህን ይሸፍን እንደሆነ ገምቶ ከማለፍ ውሉን ማንበብ ነው። ከስር የነበረው የጋራዡ ሠራተኛ ከሆነ ካሳው በመጀመሪያ የጋራዡ ዕዳ ይሆናል፤ መኪናው ግን ሰው እንደጎዳ ቆሞ ፖሊስ ይጠብቃል፣ ጭነቱም አይደርስም።

ካቫሌቶ ስትገዙ የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበትን ፈልጉ፤ ቁጥሩ የአንዱ ይሁን የጥንዱ ጠይቁ። ብየዳው እንዳልተሰነጠቀ፣ ማስቆሚያ ፒኑም የራሱ እንጂ ምስማር እንዳልሆነ እዩ። ወዳጄ በማግሥቱ ብየዳ ቤት ሄዶ ከውኃ ቧንቧ ሊያሠራ አስቦ ነበር። ስንት ቶን ይሸከማል ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረምና ትቶት ተመለሰ።