ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የ2003 ሞዴሏ ኮሮላዬ የፊት ወንበሮቿ ጎን ላይ ያለው ፕላስቲክ ነጥቷል፣ ተጫጭሯልም። ራሴ አውጥቼ ጥቁር ስፕሬይ ልነፋው አስቤ ነበር። ቀለሙንም ገዝቻለሁ።

ጋሼ፦ ቀለሙን ገዝተህ ጨርሰህ ነው የምትጠይቀኝ? ይሁን። መኪናዋን ማን ነው የሚያጥብልህ?

ወጣቱ፦ የሰፈር ልጆች። ምነው?

ጋሼ፦ ሲጨርሱ ውስጡን የሚያብረቀርቅ ነገር ይቀቡልሃል አይደል? ዳሽቦርዱን፣ የበሩን ፕላስቲክ፣ የወንበሩን ጎን ሳይቀር?

ወጣቱ፦ አዎ፣ ፖሊሽ ያደርጉታል። ያምራል እኮ።

ጋሼ፦ ሁለት ቀን ያምራል። አብዛኛው እንደዚያ ያለ ፖሊሽ ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን ባለበት ላይ ቀለም ስትነፋ፣ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የያዘ የመሰለውም በጥፍር ሲነካ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ሰው ታዲያ ቀለሙ ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን ይረግማል። አንተ ግን ለዓመታት በየሳምንቱ የተቀባ ሲሊኮን ነው መጀመሪያ የምታስለቅቀው። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው፤ መንፋቱ የመጨረሻው ቀላል ነገር ነው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ወደ ማጠቡ እንመጣለን። ወንበሩን ከመኪናው ማውጣት የግድ ነው?

ጋሼ፦ የውጪው ጎን፣ በበሩ በኩል ያለው፣ አንዳንድ ጊዜ ወንበሩ እዚያው እያለ ይወጣል። በመሃል በኩል ያለው ግን እጅ አያስገባም። ማውጣቱ ይሻላል። ብቻ ብሎን ከመንካትህ በፊት ጎንበስ ብለህ ከወንበሩ ሥር ተመልከት። ቢጫ ሶኬት አለ?

ወጣቱ፦ አላየሁም። ቢጫ ከሆነ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ኤርባግ ነው፣ ወይም በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ወደ ኋላ የሚስበው መሣሪያ። ሁለቱም ውስጣቸው ፈንጂ አለ። አንዳንዱ ኮሮላ በወንበሩ ጎን ኤርባግ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ ካለው መደገፊያው ጎን ላይ ምልክት ተጽፎበታል። ቢጫ ሶኬት ካየህ ቁልፉን አጥፍተህ የባትሪውን ማይነስ ትፈታለህ፣ ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ትጠብቃለህ። የቶዮታ መመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሲስተሙ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ነው። እኔ ሻይ ጠጥቼ ነው የምመለሰው።

ወጣቱ፦ ባትሪውን ሳልፈታ ሶኬቱን ብቻ ብነቅለውስ?

ጋሼ፦ አትሞክረው። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ቁልፍ ብትከፍት ቢያንስ የኤርባጉ መብራት በርቶ ሊቀር ይችላል፣ እሱን በኮምፒውተር ማስጠፋት ካስፈለገ ሌላ ወጪ ነው። ደግሞ የኤሌክትሪክ ወንበር ያላት መኪና ከሆነች ባትሪው ከመፈታቱ በፊት ወንበሩን እያንቀሳቀስክ ብሎኖቹን አስቀድመህ ፍታ፤ አለበለዚያ ወንበሩ ባለበት ይቀርና የኋላውን ብሎን ሸፍኖ ታገኘዋለህ። ያንተ የእጅ ስለሆነች ችግር የለም። ወደ ኋላ ገፍተህ የፊቶቹን ሁለት፣ ወደ ፊት ስበህ የኋላዎቹን ሁለት። ብዙውን ጊዜ 14 ቁልፍ ነው። ሲወጣ ሐዲዱ በሩን እንዳይቧጭርብህ ፎጣ ጣል አድርግበት።

ወጣቱ፦ ፕላስቲኩስ እንዴት ይነሳል? በካቻቪቴ ልፈለቅቀው?

ጋሼ፦ በካቻቪቴ ከሆነማ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ሄደህ ሌላ ግዛ፣ ድካምህን ቀንስ። መጀመሪያ የሚታዩትን ብሎኖች ፍታ። መደገፊያውን የሚያስተኛው እጀታ አንዳንዱ በብሎን፣ አንዳንዱ ከጀርባው በቀጭን የብረት ክሊፕ ነው የሚያዘው፤ አይተህ ነው የምትነካው። ቀሪው የፕላስቲክ ክሊፕ ነው። ያረጀ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል፣ ስለዚህ በማለዳ አትጀምር፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ይምታው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ጫፉን ሞርደህ አስገባና ከክሊፑ አጠገብ ቀስ ብለህ አንሳ። ከክሊፑ ርቀህ ከጎተትክ ፕላስቲኩ ይጎብጣል፣ የጎበጠበት ቦታም ነጭ መስመር ያወጣል። ያንን መስመር ቀለም አይሸፍነውም ማለት አይደለም፣ ግን እዚያ ጋ ደክሟል፣ በሌላ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው።

ወጣቱ፦ በየደረጃው በስልክ ፎቶ ላንሳ?

ጋሼ፦ አንሳ። ብሎኖቹንም ከወጡበት ቦታ አጠገብ በፕላስተር ለጥፋቸው። አሁን ፕላስቲኩን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ተጽፎበታል፦ ፒፒ ወይም ኤቢኤስ።

ወጣቱ፦ ለቀለም ለውጥ አለው?

ጋሼ፦ በጣም። ኤቢኤስ ቀለም ይቀበላል። ፒፒ ግን ተፈጥሮው ምንም ነገር እንዲጣበቅበት አይፈቅድም፤ መጀመሪያ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር ካልነፋህበት ቀለሙ አይሰነብትም። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ ከማይታይ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠህ ውሃ ውስጥ ጣል። ፒፒ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰምጣል። ብቻ ለጥንካሬ ታልክ የተቀላቀለበት ፒፒ ሊሰምጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከተንሳፈፈ እመነው፣ ከሰመጠ ተጠራጠረው። ከተጠራጠርክ ፕራይመሩን ንፋ፣ ምንም አይጎዳህም።

ወጣቱ፦ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ላሽ?

ጋሼ፦ ቆይ! ሁሉም የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሳይታጠብ ካሸኸው ሲሊኮኑን በጭረቱ ውስጥ ትቀብረዋለህ፣ ከዚያ በኋላ አይወጣም። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ብሩሽ። የፕላስቲኩ ገጽ እንደ ቆዳ ሽብሽብ አለው አይደል? በዚያ መሃል ነው የሚደበቀው፣ እየፈተግክ አውጣው። እጠበው፣ አድርቀው፣ ድገመው። ከዚያ አልኮል። በሁለት ጨርቅ፦ በአንዱ እያረጠብክ፣ አልኮሉ ሳይደርቅ በሌላው ንጹሕ ጨርቅ እየሰበሰብክ። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከጠረግክ ከዚህ አንስተህ እዚያ ትቀባዋለህ እንጂ አላጸዳህም።

ወጣቱ፦ ቲነር አይፈጥንም?

ጋሼ፦ ኤቢኤስን ያቀልጠዋል። ቲነር ያስነካው ፕላስቲክ አይቼ አውቃለሁ፣ ማስቲካ ይሆናል። ከታጠበ በኋላ ነው ማሸት፣ እሱንም በቀስታ፤ 600 ወረቀት ወይም ግራጫውን የመፈተጊያ ስፖንጅ ተጠቀም። ብርሃኑ እስኪጠፋ ብቻ፣ ሽብሽቡ እስኪጠፋ አይደለም። ጥልቅ ጭረት ካለ በ400 ጀምር፣ ግን እዚያ ጋ ገጹ ለስልሶ እንደሚቀር እወቅ።

ወጣቱ፦ አሁንስ ልንፋ?

ጋሼ፦ አሁን ንፋ፤ ፕራይመር ካስፈለገው መጀመሪያ እሱን። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ፣ እጅህ ሳይቆም። የመጀመሪያው ቀለም ፕላስቲኩ ከሥር እስኪታይ ስስ ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቀህ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። በአንዴ ካወፈርከው ሽብሽቡን ሞልቶ እንደ ባልዲ ያብለጨልጫል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ሲያረግዝ አትንፋ፤ በእርጥበት ቀለሙ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል።

ወጣቱ፦ ሲያልቅ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

ጋሼ፦ እውነቱን ልንገርህ? የተሳፋሪው ወንበር ዓመታት ይቆያል። የሹፌሩ በበሩ በኩል ያለው ግን ስትገባና ስትወጣ ሱሪህ ይፈትገዋል፣ ቀለም አይችለውም። እኔ ብሆን እሱን አንዱን ደህና አሮጌ ፈልጌ እለውጠው ነበር፤ ሌላውን ቀለም እነፋለሁ። መልሰህ ከመግጠምህ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፣ ፖሊሽም ለሳምንታት አይንካው።

ወጣቱ፦ እግረ መንገዴን የወንበር ልብስም ላለብሰው አስቤ ነበር፤ መንገድ ላይ ከሚሸጡት።

ጋሼ፦ በጎኑ ኤርባግ ካለው ሁሉንም የሚጠቀልለውን አትግዛ። ያ ኤርባግ የሚወጣው የወንበሩን ስፌት ቀድዶ ነው፤ ከላይ ሌላ ልብስ ካለ ይዘገያል፣ ወይም አቅጣጫውን ይስታል። ሰፊ ጋ ብትወስደውም ያንን ስፌት በወፍራም ክር እንዳያጠብቀው ንገረው። ብዙዎቹ አይጠይቁም፣ አንተ ካልነገርክ።

ወጣቱ፦ ስገጥምስ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

ጋሼ፦ አራቱንም ብሎን በጣትህ አስጀምር፣ ከዚያ ነው በቁልፍ የምታጠብቀው፤ አንዱን ብቻ ቀድመህ ካጠበቅክ ሌላው ቀዳዳውን አያገኝም። በግጭት ጊዜ አንተን ከነወንበሩ የሚይዙህ እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ በደንብ። ሶኬቶቹን ቀጭ እስኪሉ አስገባ። ባትሪው የመጨረሻው ነው። ከዚያ ቁልፍ ክፈትና የኤርባጉን መብራት ተመልከት፤ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት።

ወጣቱ፦ ባይጠፋስ?

ጋሼ፦ ባትሪውን መልሰህ ፍታ፣ ጠብቅ፣ ሶኬቱን እንደገና ግጠም። አሁንም ካልጠፋ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ጋ ውሰዳት። ቴስተር ይዘህ ያንን ቢጫ ሽቦ ለመለካት እንዳትሞክር፤ ከቴስተሩ የምትወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ራሷ ኤርባጉን ልታፈነዳው ትችላለች።