የተጎሳቆለ የበር መቃን እንዴት አደስኩ

ከተከራየሁት ቤት ልወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ አከራዬ የሳሎኑን መቃን አይቶ «ይህ ካልታደሰ ከማስያዣህ እቆርጣለሁ» አለኝ። የኦክ እንጨቱ እጅ በሚበዛበት በኩል ገርጥቷል። እኔም ሙልጭ አድርጌ ልፍቀው ተነሣሁ። ደግነቱ ቆም አልኩ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ቤት ቅቡ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይፋቅም። የእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና ወለወልኩት። የደበዘዘ የመሰለኝ ግማሹ እድፍ ሆኖ ተገኘ!

ቀጥሎ በማይታይ ጥግ አልኮል የነካ ጥጥ አሳረፍኩ። ልባሱ ቢሟሟ ሸላክ ነው ማለት ነው፤ የእኛ አልሟሟም። ከዚያ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትዬ በስሱ አሸሁ። የምንፈልገው ማንጸባረቁን መስበር ነው፤ እንጨቱ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። አቧራውን ጠርጌ፣ እንጨቱ በተራቆተበት ብቻ ማቅለሚያ ቀባሁ፤ ትርፉን ወዲያው ጠረግሁ፤ አለዚያ ይጣበቃል። በማግስቱ መስኮት ከፍቼ ቫርኒሽ፣ ሁለት ጊዜ፣ በስሱ።

አደጋው ያለው ጨርቁ ላይ ነው። በዘይት የተሠራ ማቅለሚያ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ፣ ሲደርቅ ራሱ እየሞቀ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቅርጫት ውስጥ ሊጥለው ሲል ነው የደረስኩበት! ውጭ አንድ በአንድ ዘርግቼ አደረቅሁት።

ማስያዣዬ ሙሉ ተመለሰ። የቀባሁት ቦታ ግን ከጎኑ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ እናንተ ማቅለሚያውንም በማይታይ ቦታ ቀድማችሁ ሞክሩ።