የልጆቻችን የሥራ መዝገብ ለዳኝነት ሲሰናዳ

በሬኒየር ቫሊ የሚያድጉ ልጆቻችን በልዩ ልዩ የወጣቶች ክበባት ይሳተፋሉ። ከእነዚህም አንዱ ፎር ኤች የተባለው ነው። ስሙ ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና የሚል ትርጉም ካላቸው አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል የተገኘ ሲሆን፣ ምልክቱም ባለ አራት ቅጠል ማገጥ ነው። በዋሽንግተን ስቴት ክበባቱን የሚመራው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል ነው። አባሉ ዶሮ ማርባትም ይሁን ልብስ መስፋት ወይም አትክልት መትከል አንድ ሥራ መርጦ ዓመቱን ይሠራል፤ የሠራውንም በመዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም ለዳኛ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ መዝገብ እንዴት እንደሚሰናዳ ነው።

ነገሩ ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በ1944 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1952) የኢትዮጵያ መንግሥት ከኦክላሆማው የእርሻ ኮሌጅ ጋር ከተዋዋለ በኋላ በጅማና በዓለማያ የተተከለው የእርሻ ትምህርት፣ ፎር ኤች ከበቀለበት ከዚያው የአሜሪካ ሥርዓት የተቀዳ ነበር። ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ማስረዳትን ያጣመረ ሥርዓት ነው። ከዚያም በፊት አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የምስክሮችን ስም ጨምረው ይጽፉ ነበር። መዝገብ ምስክር ነውና እውነቱን እንዲናገር ይጠበቃል። የልጅ መዝገብም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

ይሁን እንጂ በወላጆች ዘንድ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲፈጸም እናያለን። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ እንዳያፍር በማሰብ ብዕሩን ነጥቆ ራሱ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ «እንግሊዝኛው አይገባኝም» ብሎ ፈጽሞ ይርቃል። የመጀመሪያው የልጁን ቃል ይወስድበታል፤ ሁለተኛው ምስክር ያሳጣዋል። መካከለኛው መንገድ ልጁ እንዲጽፍ፣ ወላጁ እንዲጠይቅ ነው። እንዴት እንደሚሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ በሰፈራችን የአትክልት ቦታ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር የአበሻ ጎመን ትተክላለች እንበል።

አንደኛ፤ ዘመኑን ማወቅ። በዋሽንግተን የፎር ኤች ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ተጀምሮ ሴፕቴምበር 30 ቀን ይፈጸማል። ኦክቶበር 1 በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነው። መዝገቡም ያን ጊዜ ይከፈት እንጂ ዳኝነቱ ሲደርስ በአንድ ሌሊት አይጻፍ። አያት «የካቲት አጋማሽ ላይ ዘራን» ሲሉ ልጅቱ ወደ ፈረንጁ ቀን ለውጣ ትጻፈው፤ በአንድ መዝገብ ሁለት አቆጣጠር ሲደባለቅ ዳኛው ቅደም ተከተሉን ያጣዋል።

ሁለተኛ፤ ግብን መወሰን። «ጎመን እተክላለሁ» የሚለው ሐሳብ እንጂ ግብ አይደለም። «በአንድ መደብ ጎመን ዘርቼ፣ ቢያንስ አሥር እስር ቆርጬ፣ ወጪና ገቢውን አሰላለሁ» ቢባል ግን መድረስ አለመድረሱ ይለካል። ግቡ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ፤ ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ከውጤቱ ጋር እንዲስማማ አይቀየር።

ሦስተኛ፤ የሥራውን ሂደት በዕለቱ መጻፍ። በአገራችን ደጋ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ ወራት ናቸው። በሲያትል ግን ጁላይና ኦገስት ከወራቱ ሁሉ ደረቆቹ ናቸው። አያት በለመዱት አቆጣጠር «በሐምሌ ውኃ ምን ያደርጋል» ብለው ሳይጠጣ የቀረው መደብ ቢጠወልግ፣ ልጅቱ የጠወለገበትን ቀን፣ ውኃ ማጠጣት የጀመረችበትን ቀንና ከዚያ በኋላ ያየችውን ለውጥ ትጻፍ። ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ቅጠሉን ቢበላውም እንዲሁ። የጠፋውን ደብቆ የለማውን ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ልጁ ምን እንደተማረ አይናገርም።

አራተኛ፤ ሒሳቡን ማስተካከል። ለማዳበሪያ 18 ዶላር፣ ለውኃ ማጠጫ 12 ዶላር ቢወጣ ወጪው 30 ዶላር ነው። 14 እስር ጎመን ተቆርጦ አንዱ እስር በገበያ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢያወጣ ግምቱ 35 ዶላር ይሆናል፤ ትርፉ 5 ዶላር ነው። ጎመኑ በቤት ተበልቶ ከሆነ «ተሸጠ» አይባልም፤ «ለቤት ምግብ ዋለ» ተብሎ በግምት ይገባል። ዘሩን አያት ካለፈው ዓመት አስቀምጠው የሰጡት ከሆነም «በስጦታ የተገኘ» ተብሎ ይመዝገብ። ኪሳራ ቢሆን ኪሳራ ተብሎ ይጻፍ።

አምስተኛ፤ ታሪኩን መተረክ። በመጨረሻ ልጅቱ ምን እንደሠራች፣ ምን እንደከበዳት፣ ማን እንዳስተማራት፣ በመጪው ዓመት ምን እንደምትለውጥ በራሷ ቋንቋ ትጻፍ። ፎቶግራፍ ቢገባ ከሥሩ ቀኑና የሚያሳየው ነገር ይገለጥ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆቻችን አያቶቻቸውን ከታሪኩ ያስወጣሉ፤ የአያት ዕውቀት በእንግሊዝኛ የማይጻፍ ወይም የሚያሳፍር ይመስላቸዋል። አያት ዘሩን እንዴት እንዳደረቁ፣ የትኛውን ቅጠል አስቀድመው እንደሚቆርጡና ምክንያቱን ልጅቱ ጠይቃ ብትጽፍ ግን፣ ዳኛው ከሌላ ሰው የማያገኘው ትምህርት ይሆናል።

ስለ ዳኝነቱም ጥቂት እንበል። ፎር ኤች በብዙ ቦታ የሚከተለው የዴንማርክ ሥርዓት የሚባለውን ነው። በዚህ ሥርዓት አንዱ ልጅ ከሌላው ጋር አይወዳደርም፤ እያንዳንዱ ሥራ ከተወሰነ መለኪያ ጋር ይመዘናል። ሰማያዊ ሪባን እጅግ መልካም፣ ቀይ መልካም፣ ነጭ ደግሞ መሻሻል የሚያስፈልገው ማለት ነው። ስለዚህ አሥር ልጆች አሥሩም ሰማያዊ ሊያገኙ ይችላሉ፤ «የእገሌ ልጅ በለጠህ» የሚለው ወቀሳም ቦታ የለውም። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉት ትንንሾች ግን ውድድር ውስጥ አይገቡም። ከሪባኑ ይልቅ ዳኛው የጻፈው አስተያየት ይነበብ፤ የመጪው ዓመት ግብ ከዚያ ይወጣልና።

መዝገቡ ከመቅረቡ አስቀድሞ የሚከተሉት ይታዩ፦ ቅጹ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት ወይም ከክበቡ መሪ የተገኘ የዘንድሮ ቅጽ ነውን? ገጾቹ በቅጹ ቅደም ተከተል ተደራጅተዋልን? የሒሳቡ ድምር በሌላ ሰው ተፈትሿልን? የሚፈለገው ፊርማ ተሟልቷልን? ጽሑፉስ የልጁ የራሱ ነውን?

እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆችም ከዚህ ሥራ ውጪ አይደሉም። ማታ ልጁን አስቀምጠው የጻፈውን በአማርኛ እንዲተርክላቸው ይጠይቁት፤ «በየትኛው ቀን ነበር? ስንት አወጣህ? ለምን ጠወለገ?» ይበሉት። መመለስ ያቃተው ቦታ መዝገቡ የጎደለበት ቦታ ነው፤ ልጁም በዚያው ምሽት ያሟላዋል። ዳኛው በቃል ሲጠይቀው መልሱን አስቀድሞ ለወላጁ መልሶታልና አይደናገጥም። ልጁ ሥራውን በአማርኛ አስረድቶ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው ሁለቱንም ቋንቋ ለቁም ነገር ይጠቀምበታል፤ ይህም በስደት ለምናሳድጋቸው ልጆች የምንመኘው ነው።