ስለ ብርሃን ቀጥተኛነትና ስለ ብርሃን መጋረጃ

በቡታጅራና በዙሪያዋ አጥር የሚያጥር ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ችካል ከተከለ በኋላ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ያነጣጥራል። ሌሎቹ ችካሎች ሁሉ ከፊተኛው ኋላ የተሰወሩ እንደ ሆነ አጥሩ ቀጥ ማለቱን ያውቃል። ይህም የሚሆነው ብርሃን በቀጥታ ስለሚሄድ ነው።

አስተማሪው ይህን ለተማሪዎች ሲያሳይ ሦስት ካርቶኖችን በእኩል ከፍታ ይብሳ፤ ቀዳዳዎቹን በክር አስተካክሎ ያቁማቸው፤ ክሩንም አውጥቶ ከኋላ ሻማ ያብራ። ብርሃኑ በሦስቱ ቀዳዳ አልፎ ይታያል። የመካከለኛው ካርቶን ጥቂት ፈቀቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ይጠፋል።

በዚሁ ሕግ በፋብሪካ የሠራተኛ እጅ ይጠበቃል። ብረት በሚጫን መኪና ፊት ሁለት ዓምዶች ይቆማሉ፤ አንዱ ብዙ ጨረሮች ይልካል፤ ሁለተኛው ይቀበላል። ይህም የብርሃን መጋረጃ ይባላል። እጅ ከጨረሮቹ አንዱን የጋረደ እንደ ሆነ መኪናው እንዲቆም ይታዘዛል።

ነገር ግን ጨረሩ ታሕተ ቀይ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም፤ ዓምዶቹንም ማስተካከል ያስቸግራል። ስለዚህ በአንዳንዱ ዓምድ ውስጥ ቀይ ሌዘር ተሠርቶበታል። ሌዘር በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1960) ቴዎዶር ማይማን የተባለ አሜሪካዊ መጀመሪያ ያበራው፤ ጨረሩ እምብዛም ሳይበተን ሩቅ የሚሄድ ብርሃን ነው። ሠራተኛው ዓምዶቹን በቱንቢ አቅንቶ በእኩል ከፍታ ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። ቀጥሎ ሌዘሩን ያበራል፤ ቀዩ ነጥብ በፊት ለፊቱ ዓምድ ምልክት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያዞረዋል፤ ከዚያ ብሎኑን ያጠብቃል። ወደ ሌዘሩ ግን በዓይን መመልከት አይገባም።

ዓምዱ የተዛነፈ እንደ ሆነ መኪናው ያለ ምክንያት እየቆመ ያስቸግራል። አደጋው የሚመጣው ሠራተኛው በዚህ ተማርሮ መጋረጃውን ሲያሰናክለው ነው። ደግሞም በአጠገቡ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ብርሃኑ በእጅ ዙሪያ ተንጸባርቆ ተቀባዩን ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ከተስተካከለ በኋላ ለመጋረጃው ልክ በተሠራ በትር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይፈተናል።

የመጋረጃው ርቀትም በስሌት ይወሰናል። እጅ በሴኮንድ 2 ሜትር እንደሚሄድ ይቆጠራል። ጣትን የሚለይ ባለ 14 ሚሊሜትር መጋረጃ ቢሆንና መኪናው ለመቆም በጠቅላላው 0.1 ሴኮንድ ቢፈልግ፤ ርቀቱ ከ20 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም።

እህልና በርበሬ የሚፈጨው ወፍጮ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መዘውሩ ጥቂት ይዞራል። ስለዚህ መጋረጃው ለርሱ አይበቃም፤ ቺንጋው በጽኑ የብረት ክዳን መሸፈን አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ሠራተኛውም መጠበቂያውን እንዳያነሣና እንዳያበላሽ ይከለክላል። ሽማግሌዎችም ክዳን የሌለው ወፍጮ ባዩ ጊዜ ባለቤቱን ቢመክሩ የልጆችን እጅ ያድናሉ።

ጥያቄ፤
1. የመካከለኛው ካርቶን ፈቀቅ ሲል ብርሃኑ ስለ ምን ይጠፋል?
2. መኪናው ለመቆም 0.2 ሴኮንድ ቢፈልግ መጋረጃው በስንት ሳንቲሜትር ይራቅ?
3. ለወፍጮ ከብርሃን መጋረጃ ይልቅ የብረት ክዳን የተሻለው ስለ ምን ነው?