የማይሸጠው ሜዳ፦ ቦስተን ኮመን እንዴት ለዛሬ በቃ

ወደ ቦስተን ኮመን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የአበባ መደብና ያጌጠ አደባባይ ጠብቆ ከሆነ ቅር ሊለው ይችላል። አብዛኛው ሣርና ዛፍ ነው፤ በመካከሉ የእግር መንገዶች ይጠላለፋሉ። ሆኖም 20 ሄክታር ገደማ የሚሰፋው ይህ ሜዳ በአሜሪካ ከተሞች ካሉት የሕዝብ መናፈሻዎች ሁሉ ቀዳሚው ይባላል። መሬት እጅግ በተወደደበት የከተማ እምብርት ላይ ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይሸነሸን ቆይቷል። ለጎብኚው ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ሜዳው እንዴት ተረፈ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነባሮቹ የማሳቹሴት ሕዝቦች ሾውመት ይሉት በነበረው በዚህ ልሳነ ምድር ከአውሮፓውያን ቀድሞ የሰፈረው ዊልያም ብላክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። መጻሕፍቱን ይዞ ብቻውን ይኖር ነበር። በ1630 ፒዩሪታን የተባሉ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች መጥተው ጎረቤት ሆኑት፤ በ1634 ደግሞ መሬቱን ከእሱ በ30 ፓውንድ ገዙት። ገንዘቡን ያወጣ አንድ ባለጠጋ አልነበረም፤ እያንዳንዱ አባወራ ቢያንስ 6 ሽልንግ አዋጣ። ሁሉም ስለከፈለ ሁሉም ባለመብት ሆነ። ሜዳውም ለከብት ግጦሽና ለሚሊሻ ልምምድ ዋለ።

የወል ግጦሽ ባለበት የገጠር ቀበሌ ያደገ አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ አይጠፋውም። የሁሉም የሆነ ሣር ሁሉም ከብት ሲያበዛበት ይራቆታል፤ ዳር ዳሩንም አዋሳኙ ገበሬ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ይወስደዋል። ቦስተኖች ለሁለቱም ቀድመው ደንብ አወጡ። በ1640 ከሜዳው ተቆርሶ ለማንም ለመኖሪያም ሆነ ለጓሮ እንዳይሰጥ ወሰኑ። በ1646 ደግሞ የሚሰማሩትን የወተት ላሞች በ70 ገደቡ። ሦስተኛው ደንብ ዘግይቶ መጣ። ቦስተን በ1822 የከተማ አስተዳደር ስትሆን፣ መተዳደሪያ ቻርተሯ ምክር ቤቱ ኮመንን እንዳይሸጥና እንዳያከራይ ከለከለው። ከዚያ በኋላ ከንቲባ ቢለዋወጥ፣ ካዝናው ቢራቆት፣ ሜዳው ለገበያ የሚቀርብ ንብረት አልነበረም።

ባለቤትነቱ እንዲህ ሲጸና አገልግሎቱ ግን ከዘመን ዘመን ተቀያየረ። እስከ 1817 ድረስ ወንጀለኛ የሚሰቀልበት ስፍራ ነበር። ከአሜሪካ አብዮት በፊት የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደሮች ድንኳን ተክለውበታል። በ1830 ላሞቹ ተከለከሉ፤ በዙሪያው የሰፈሩት ከተሜዎች ከግጦሽ ይልቅ የሚንሸራሸሩበት ጥላ ፈልገው ነበርና። የዛሬው መናፈሻ የተወለደው ያኔ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ይህን ታሪክ በእግር ለመከተል ጉብኝቱን ከፓርክ ስትሪት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መጀመር ይመቻል። ጣቢያው በ1897 የተከፈተው የአሜሪካ የመጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር አካል ነው። የላዩ መንገድ በፈረስና በኤሌክትሪክ ባቡር ተጨናንቆ ስለነበር ከተማዋ መፍትሔውን ከኮመኑ ጠርዝ ሥር ፈለገች። ሲቆፈር በደቡብ በኩል ካለው አሮጌ መቃብር የብዙ መቶ ሰዎች አጽም ወጥቶ በዚያው ሜዳ እንደገና ተቀበረ።

ከጣቢያው ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ፍሮግ ፖንድ የተባለው ኩሬ ይገኛል። በ1848 ከኮቺቹዌት ሐይቅ በቧንቧ የተሳበው ንጹሕ ውኃ ለከተማዋ ሲደርስ፣ ሕዝቡ እዚህ ተሰብስቦ ውኃው ወደ ላይ ሲፈናጠር እየተመለከተ በዓል አደረገ። ዛሬ ኩሬው በበጋ የሕፃናት መራጫ፣ በክረምት የበረዶ መንሸራተቻ ነው።

ቁልቁል ወደ ቻርልስ ስትሪት ሲወረድ መሬቱ ሜዳማ ይሆናል። ይህ ጎዳና ጥንት የውኃ ዳርቻ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1775 ማታ የእንግሊዝ ወታደሮች ጀልባ ተሳፍረው ወደ ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ የሄዱት ከኮመኑ ግርጌ ነው፤ በማግስቱም የአብዮቱ ጦርነት ተጀመረ። ያ ቀን በየዓመቱ በሚታሰብበት ሰኞ የቦስተን ማራቶን ይካሄዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮች ወደ መነሻው ሆፕኪንተን የሚወስዷቸውን አውቶቡሶች የሚሳፈሩት ከዚሁ ከኮመኑ ዳር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ውድድሩን ይበልጥ የምናውቀው አትሌት ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 በተከታታይ ስላሸነፈችበት ነው።

ቻርልስ ስትሪትን ተሻግሮ ያለው ፓብሊክ ጋርደን ሌላ መናፈሻ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ግን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በ1837 የተመሠረተ የዕፅዋት ስፍራ ሲሆን ረግረግ ተደልድሎ የተሠራ ነው። አበባው፣ ሐውልቱና ከ1877 ጀምሮ በፔዳል የሚነዱት የስዋን ወፍ ቅርጽ ያላቸው ጀልባዎች ሁሉ ለዓይን የተሰናዱ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ልዩነቱን ያስተምራል፤ ጋርደኑ እንዲታይ ተተከለ፣ ኮመኑ እንዲሠራበት ተተወ።

ሲመለሱ ሽቅብ፣ ባለ ወርቅ ጉልላቱ የግዛቲቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት፣ የኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾና የ54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር ሐውልት አለ። ጥቁር ወታደሮች በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲዘምቱ የሚያሳየው ይህ ነሐስ፣ ቀራጺው ኦገስተስ ሴይንት ጎደንስ ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞበት በ1897 ተመረቀ። በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሮክስበሪ ሰፈር ሰልፍ መርቶ ሕዝብ ያነጋገረው በዚህ ሜዳ ነው። የእሱና የባለቤቱ መታሰቢያ የሆነው የመተቃቀፍ ሐውልትም በ2023 እዚሁ ቆመ። ጠፍ የሚመስለው ሣር ጥቅሙ የሚገባው ይሄኔ ነው፤ ሕዝብ ለመሰብሰብ ያልተያዘ ቦታ ይሻል።

ሜዳውን ለመቁረስ የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ክፉ አልነበረም። ባቡሩ ጠቃሚ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሣሩ ሥር የተሠራው የመኪና ማቆሚያም የራሱ ምክንያት ነበረው። በዘመናችን ደግሞ ጥያቄው የፀሐይ ሆነ። በ1990 የወጣ የግዛቲቱ ሕግ አዲስ ፎቆች በኮመን ላይ የሚጥሉትን ጥላ ገደበ። በ2017 አንድ ረጅም ሕንፃ ከገደቡ ማለፍ ሲፈልግ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕጉን ማሻሻል ነበረበት፤ ከተማዋም ለሕንፃው ከሸጠችው ቦታ 28 ሚሊዮን ዶላር ለኮመን እንክብካቤ መደበች። በውሳኔው የተከፉ ነበሩ፣ የተደሰቱም ነበሩ።

ስለዚህ ኮመን የቆየው ማንም ስላልተመኘው አይደለም። የተመኘው ሁሉ ምኞቱን በአደባባይ ተናግሮ፣ ፈቃድ ጠይቆና ዋጋ ከፍሎ እንዲያልፍ ሕግ ስላስገደደው ነው። ሌላ የቆየ መናፈሻ ስትጎበኙም ከሐውልቱና ከዛፉ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህን መሬት የመሸጥ ሥልጣን ያለው ማን ነው? መናፈሻው ለልጅ ልጆች መድረስ አለመድረሱ ከአትክልተኛው ትጋት ይልቅ በዚያ መልስ ላይ ይወሰናል።